ከግሸን አምባ እስከ ዙፋን፦ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ

በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ምድር በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው የግሸን አምባ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው መስከረም 21 ቀን በሚከበረው በዓሉ ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን አምባው የነገሥታት ልጆች መጋዣ ነበር። ወደዚያ የሚወጣ ልጅ የሚከሰስበት ወንጀል፣ የሚቆምበት ችሎት፣ የሚፈጽመው የፍርድ ዘመን አልነበረውም፤ ጥፋቱ ከንጉሥ መወለዱ ብቻ ነው። ሥርዐቱ የቆመው የዙፋን ተቀናቃኝ እንዳይነሣ፣ በወንድማማቾችም መካከል ደም እንዳይፈስ በሚል ስጋት ነበር።

ከዚህ አምባ ወርደው ከነገሡት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር ከዐፄ ዳዊትና ከንግሥት እግዚእ ክብራ ተወለደ። በስውር ወደ አክሱም እንደ ተወሰደና በገዳም እንደ ተማረ በትውፊት ይነገራል። ይሁን እንጂ ከግሸን አላመለጠም። ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች በዙፋኑ ሲፈራረቁ እርሱ በግዞት ኖረ፤ በ1426 ዓ.ም. ከአምባው ወርዶ ሲነግሥ ዕድሜው 35 ዓመት ያህል ነበር።

ዘመነ መንግሥቱ በሥራ የበለጸገ ነው። የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል ነሣ፤ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበትን ክርክር አስታረቀ፤ መጽሐፈ ብርሃንን የመሳሰሉ ድርሳናት በስሙ ይታወቃሉ። ፍትሐ ነገሥትም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በርሱ ዘመን እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። በቤተ መንግሥቱም የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት በዐቃቤ ሰዓትነቱ ከፍ ያለ ሥልጣን ነበረው።

ነገር ግን በግፍ የታሰረው ሰው በፍርዱ ለልጆች አልራራም። በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ በጽኑ ተቀጡ። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ በንጉሡ ትእዛዝ ተገርፋ ሞተች፤ በልጅነት ዕድሜ የነበረው በእደ ማርያምም እናቱን በማሰቡ የአባቱ ቍጣ ደረሰበት። የገዳማት አባቶች አማልደውት ከአባቱ ጋር ታረቀ፤ በ1460 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞትም ዙፋኑን ወረሰ። ልጁን ያዳነው ምልጃ እንጂ ሕግ አልነበረም።

የግሸን ግዞት በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ሲይዝ አከተመ። በጎንደር ዘመን ስፍራውን ወህኒ አምባ ተካው፤ ወህኒ ቤት የሚለው ስያሜ ከዚያ የመጣ ነው።

ለልጅ የተለየ ፍርድ በዘመናዊ ሕጋችን በግልጽ የተደነገገው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ሕጉ 9 ዓመት ያልሞላውን ከወንጀል ተጠያቂነት አወጣ፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ጥፋተኛ ለአዋቂዎች የተወሰነው ቅጣት እንዳይፈጸምበት፣ ከአዋቂ እስረኞችም ጋር እንዳይታሰር ከለከለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህንኑ አጸና። እንግዲህ ግሸን ለሕግ ባለሙያ የሚተወው ትምህርት ይህ ነው፦ ያለ ፍርድ መታሰርን የቀመሰ ሰው እንኳ በሥልጣኑ ላይ ገደብ ካልተደረገ ያንኑ በልጁ ላይ ሊደግመው ይችላል፤ ስለዚህ የልጅ ዕጣ በዳኛው ርኅራኄ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም።