ብልጭታን በጊዜው ያደረሰ ሰው፤ የሮበርት ቦሽ ሕይወት

በመተማና በገንዳ ውኃ ቆላ ሰሊጥ የሚያመርት ገበሬ አንድ ትልቅ ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል። ሰሊጡ ሳይደርስ ቢያጭደው ፍሬው ቀጭጮ ይቀራል። ቢዘገይ ደግሞ የፍሬው መያዣ ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ትርፍና ኪሳራ የሚለያዩት በጥቂት ቀናት ነው። በዚያው አገር መንገድ በሚመላለሰው የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ሞተር ውስጥም ይኸው ሕግ ይሠራል፤ ልዩነቱ እዚህ ጊዜው የሚቆጠረው በቀን ሳይሆን በሰከንድ ሺህኛ ክፍል መሆኑ ብቻ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን የጊዜ ሕግ ለሞተር ያበጀለትን የጀርመናዊውን የሮበርት ቦሽን የሕይወት ታሪክ ነው። የአገራችን ካላልን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቦሽ ኡልም በተባለችው ከተማ አጠገብ አልቤክ በምትባል መንደር በ1861 ዓ.ም. ተወለደ። ወላጆቹ አሥራ ሁለት ልጆች ሲኖሯቸው እርሱ አሥራ አንደኛው ነበር። ትምህርት ቤት ብዙም ሳይቆይ ረቂቅ የብረት ሥራና የመሣሪያ ጥገና ወደሚማርበት ሙያ ገባ። በ1884 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኤዲሰን ድርጅት፣ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር በሲመንስ ድርጅት ሠራ። በኅዳር ወር 1886 ዓ.ም. ወደ ሽቱትጋርት ተመልሶ፣ 10,000 ማርክ መነሻ ገንዘብ ይዞ፣ ከአንድ ሠራተኛና ከአንድ ተላላኪ ልጅ ጋር ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። የስልክና የመብራት መሣሪያ እየጠገነ፣ በኋላም ወደ ደንበኞቹ በብስክሌት እየተመላለሰ የሠራባቸው ዓመታት የችግር ዓመታት ነበሩ።

በ1887 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ በዶይትስ ፋብሪካ ሞተር ላይ ያለውን ዓይነት ብልጭታ ሰጪ መሣሪያ እንዲሠራለት ጠየቀው። ቦሽ መጀመሪያ ያደረገው መሣሪያው በፓተንት የተጠበቀ መሆን አለመሆኑን ማጣራት ነበር፤ እንዳልተጠበቀ ሲረዳም ሠርቶ አስረከበ። ይህ መሣሪያ ማግኔቶ ይባላል፤ ባትሪ ሳያስፈልገው በማግኔት ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነው። በመተማ አፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በወደቁበት ጊዜ፣ ማለት በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር፣ የቦሽ ወርክሾፕ ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

የማግኔቶው እውነተኛ ፈተና የመጣው በ1897 ዓ.ም. ነው። ፍሬደሪክ ሲምስ የተባለው እንግሊዛዊ ነጋዴ በፈረንሣዮቹ በደ ዲዮንና በቡቶን በተሠራ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ላይ ማግኔቶ እንዲገጠም ፈለገ። ያ ሞተር ግን እጅግ ፈጣን ስለ ነበር ከባዱ የማግኔቶ ክፍል ፍጥነቱን ሊከተለው አልቻለም። የቦሽ ሠራተኛ አርኖልድ ሴሪንገር ከባዱን ክፍል ትቶ በዙሪያው ቀላል የብረት እጀታ ብቻ እንዲወዛወዝ አደረገ፤ ችግሩም ተፈታ። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ኃይል ያለውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አጣምሮ አቀረበ፤ የዛሬው የቤንዚን ሞተር ብልጭታ መሠረቱ ይኸው ነው።

አንባቢ ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ሲቃጠሉ እሳቱ በቅጽበት አይዳረስም፤ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ብልጭታው የሚያስፈልገው ፒስተኑ ከላይ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው የሰከንድን ሃምሳኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ሲፈጥን ብልጭታው ይበልጥ መቅደም አለበት። ከመጠን በላይ ከቀደመ እሳቱ ወደ ላይ የሚወጣውን ፒስተን ይመታዋል፤ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ሲነሣም መልሶ ይመታል፣ ውሎ አድሮም ፒስተኑ ይበሳል። ከዘገየ ደግሞ ጉልበቱ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ዳገት መውጣትም ያቅተዋል። የመተማ ሙቀት ከአርባ ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት ሞተር ለመንኳኳት ስለሚቀርብ፣ የቀደመ ብልጭታ ጉዳት እዚያ ይብሳል።

ሞተር ተፈትቶ ታድሶ ሲገጠም አልሠራ ካለ ብልህ መካኒክ ዕቃ ለመለወጥ አይቸኩልም። መጀመሪያ ነዳጁ መድረሱንና ካንዴላው መበራቱን ያያል። ቀጥሎ በቮላኖው፣ ማለትም በሚሽከረከረው ከባድ መንኮራኩር ላይ ያለው ምልክት በሞተሩ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር መገጠሙን ይመረምራል። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሿ የብረት ሽብልቅ በትንሹ እንኳ ከተቆረጠች ምልክቱ ትክክል እየመሰለ ብልጭታው ይሳሳታል። ፑንቲና ባለው አሮጌ ሞተርም ክፍተቱ ከሰፋ ብልጭታው ይቀድማል፣ ከጠበበ ይዘገያል። እንግዲህ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን እድሳት ከንቱ የሚያደርገው አንዳንድ ጊዜ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ብረት ነው።

ወደ ቦሽ እንመለስ። በ1906 ዓ.ም. መቶ ሺህኛው ማግኔቶ ከፋብሪካው በወጣ ጊዜ በፋብሪካው የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አወጀ፤ ይህም በዚያን ዘመን በጀርመን አገር ያልተለመደ ነበር። የደከመ ሠራተኛ ረቂቅ ሥራ በጥንቃቄ ሊሠራ እንደማይችል ተረድቶ ነበርና። በ1927 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ኢንጄክሽን ፓምፕ ለገበያ አወጣ። በናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለም፤ እሳቱን የሚቀሰቅሰው የታመቀው አየር ግለት ስለሆነ ጊዜውን የሚወስነው ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ የመተማን መሬት የሚያርሰው ትራክተርም ከዚህ ሰው ሥራ ውጭ አይደለም።

የሕይወቱ የመጨረሻ ክፍል ግን ከብልጭታ የከበደ ጥያቄ አስነሣበት። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ቦሽ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። የአገዛዙ ተቃዋሚ የነበረውን ካርል ጎርደለርን በአማካሪነት ቀጠረ፤ ለተሳደዱ አይሁዶችም ርዳታ ሰጠ። ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ለጦርነቱ ዕቃ ይሠሩ ነበር፤ በጦርነቱም ዘመን በግዴታ የመጡ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ሠርተውባቸዋል። ይህን መሸፋፈን ታሪክን ማጉደል ነው። ቦሽ በመጋቢት 1942 ዓ.ም. ሲሞት አገዛዙ በመንግሥት ሥርዓት ቀበረው፤ ጎርደለርም በሂትለር ላይ በተደረገው ሤራ ተከስሶ በ1945 ዓ.ም. ተገደለ። ዛሬ ከድርጅቱ አክሲዮን ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚይዘው በስሙ የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

እኛ ከዚህ ሕይወት የምንማረው፣ በተለይም በትምህርት ገበታና በመሥሪያ ቤት ያለን ወጣቶች፣ ትክክል መሆን ብቻ እንደማይበቃ ነው። ጥሩ ውሳኔ ሳይመከርበት ቢቸኩል ይሰብራል፤ ቢዘገይም ኃይሉ በጭስ ማውጫ ይወጣል። ቦሽ በመሣሪያ ይህን ሚዛን አግኝቶ ነበር፤ በአገሩ ፖለቲካ ግን፣ ብልጭታው ቢኖርም፣ ሰዓቱ አልፎ ነበር።