ዓይነ ስውሩ ሊቅና ባለ አሥር አሐዙ ቁጥር

ሁለትን ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፈን እርስ በርሱ ብናባዛውና ከውጤቱ ላይ አንድ ብንቀንስ 2,147,483,647 እናገኛለን። ይህን ቁጥር፣ ከአንድና ከራሱ በቀር፣ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር ይኖር ይሆን? እንዲህ ያለ አካፋይ የሌለውን ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ በመጽሐፉ አስፍሮ ነበር፤ ማስረጃውን ግን አላሳየም። ማስረጃው የተገኘው ከ128 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ያገኘውም ማየት የተሳነው ሽማግሌ ነው።

ሌዎናርድ ኦይለር በ1707 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለ ነበር ልጁም ቄስ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ይሁን እንጂ ዮሐን ቤርኑሊ የተባለው ዝነኛ የሒሳብ ሊቅ የልጁን ተሰጥዎ ተመልክቶ በየቅዳሜው ያልገባውን ያስረዳው ጀመር፤ አባትየውንም አሳመነው። ኦይለር ገና በ20 ዓመቱ ወደ መስኮብ አገር ተሻግሮ በሴይንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ሥራ ያዘ።

በዚያም ሳለ በ1732 አንድ ነገር አገኘ። ታላቁ ፌርማ ብቸኛ ነው ብሎ ያመነበት 4,294,967,297 በ641 ያለ ቀሪ ተካፈለለት። ለእኛ እንደሚመስለን፣ የሊቅ ስም ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ኦይለር የተማረው ያን ጊዜ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ከ1741 ጀምሮ 25 ዓመት በበርሊን ከሠራ በኋላ በ1766 በንግሥት ካትሪን ዘመን ወደ ፒተርስበርግ ተመለሰ። በ1771 የግራ ዓይኑን ሞራ ሐኪም ገፈፈለት፤ ጥቂት ቀን ብርሃን ካየ በኋላ ግን ቁስሉ አመርቅዞ ጨለመበት። በዚያው ዓመት ቤቱም ተቃጠለ፤ አንድ የአገሩ ሰው ተሸክሞ ከእሳት አወጣው።

በ1772 የመርሴንን ቁጥር የመረመረው በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው። እኛ በተማሪነታችን እንደምናደርገው በ3፣ በ7፣ በ11 እያለ በየተራ ቢሞክር፣ እስከ 46,340 ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ከአራት ሺህ በላይ ናቸው። (ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ናቸውና አንደኛው ከዚያ ማነሱ አይቀርም።) ኦይለር ግን አስቀድሞ አሰበ። ብቸኛ የሆነ አካፋይ ቢኖር፣ እርሱ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ መሆን እንዳለበት አረጋገጠ። ያን ጊዜ የሚሞከሩት ሰማንያ ያህል ብቻ ቀሩ። አንዳቸውም አላካፈሉትም። መነኩሴው እውነቱን ነበር! ኦይለር ይህን በደብዳቤ ያስታወቀው በበርሊን ለነበረው ለቀድሞ መምህሩ የልጅ ልጅ ነው።

ቁጥሩ ከሰባ ዓመት በላይ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። ዛሬ በ2024 የተገኘው ከ41 ሚሊዮን በላይ አሐዝ አለው። ሆኖም የኦይለሩ ቁጥር ከሥራ አልወጣም፤ በብዙ ኮምፒዩተሮች በ32 ቢት ከነምልክቱ የሚጻፈው ትልቁ ሙሉ ቁጥር ይኸው ነው።

ሽማግሌው ሌላው እየጻፈለት እስከ መጨረሻው ሠራ። በሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 ስለ አዲሷ ፕላኔት ስለ ዩራነስ ጉዞ ከባልደረባው ጋር ሲነጋገር ውሎ፣ ወደ ማታ ድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በዚያው ሌሊት ዐረፈ። ዕድሜው 76 ነበር።