ጋንዲና የፈትል ልብስ

ኢትዮጵያውያንም በሚኖሩባት በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ ሰባት፣ ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌና ሱሪ የታጠቀ ወጣት በአንድ መንገድ ሲተላለፉ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ የሌላውን አለባበስ ሲነቅፍ መስማትም እንግዳ ነገር አይደለም። የአባቶችን ልብስ የኋላ ቀርነት ምልክት የሚያደርጉ አሉ፤ ዘመናዊውን ልብስ ከባዕድ አምላኪነት የሚቆጥሩም አሉ። ይህን ክርክር በባሕር ማዶ፣ በሕንድ አገር፣ በገዛ ገላቸው የፈተኑት ሰው በአዲስ አበባ ሆስፒታል የተሰየመላቸው ማኅተመ ጋንዲ ናቸው።

ሞሐንዳስ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1869 ዓ.ም. በምዕራብ ሕንድ በፖርባንዳር ከተማ ተወለዱ። በ1888 ሕግ ለመማር ለንደን እንደ ገቡ ምኞታቸው እንግሊዛዊ መስሎ መታየት ነበር። ሙሉ ልብስ በውድ ዋጋ አሰፉ፤ ረጅም ባርኔጣ ደፉ፤ በመስተዋት ፊት ቆመው ከረባት ማሰር ተለማመዱ። ይሁን እንጂ በ1893 ጠበቃ ሆነው ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ ሱፉ ከንቀት አላዳናቸውም። የደርባን ዳኛ ጥምጥማቸውን እንዲያወልቁ ቢያዝዛቸው እምቢ ብለው ከችሎቱ ወጡ። የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዘው ሳለ ነጭ ባለመሆናቸው ብቻ ከባቡር እንዲወርዱ ተገደዱ። በ1913 አድማ የመቱ የሕንድ ሠራተኞች በጥይት በተገደሉ ጊዜ ግን ሱፉን ትተው የወዛደሩን ልብስ ለበሱ።

በ1915 ወደ አገራቸው ሲመለሱ የልብስ ነገር የእንጀራ ጉዳይ ሆኖ አገኙት። የሕንድ ጥጥ ወደ ውጭ ይጫናል፤ በእንግሊዝ አገር በላንካሻየር ፋብሪካዎች የተሠራው ጨርቅ ደግሞ በሕንድ ገበያ ይራገፋል፤ የአገሬው ሸማኔ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በ1917 በቻምፓራን አውራጃ ካላት አንዲት ሳሪ በቀር ቅያሪ የሌላት ሴት መኖሯን ተረዱ። ከዚህ በኋላ እንደ እኛ የፈትል ሸማ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የሚሸመነውን ካዲ የትግላቸው ዓርማ አደረጉት፤ ራሳቸውም በየቀኑ ጥጥ ይፈትሉ ጀመር።

በ1921 በቦምቤይ የውጭ አገር ጨርቅ ተከምሮ በአደባባይ ተቃጠለ። ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ግን እርቃኑን የሚሸፍንበት ያጣ ድኻ ባለበት አገር ልብስ ማቃጠሉን አጥብቀው ነቀፉ። ድኾችም ካዲ እንደ ተወደደባቸው ለጋንዲ ነገሯቸው። እሳቸውም መልሱን በገላቸው ሰጡ፤ በዚያው ዓመት በማዱራይ ከተማ ሸሚዙንና ቆቡን ጥለው አጭር ሽርጥ ብቻ አገለደሙ። ያ ለድኻው የሚበቃ ጥቂት ክንድ ጨርቅ እስከ ዕለተ ሞታቸው ልብሳቸው ሆነ።

በ1931 ለድርድር ወደ ለንደን ሲጓዙ ከጅቡቲ ባሻገር ባለችው በዓደን ወደብ ሕዝቡ በክብር ተቀበላቸው። በለንደንም በዚያው ሽርጥና ኩታ ከንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ፊት ቀረቡ። ወደ ላንካሻየር ወርደውም፣ በጨርቅ እገዳው የተጐዱትን የእንግሊዝ ወዛደሮች አነጋገሩ። ወዛደሮቹም እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ወዳጅ አስተናገዷቸው።

በዚያው ዘመን፣ አይነኬ ተብሎ የተገለለው ሕዝብ መሪ ዶክተር አምቤድካር ሱፍና ከረባት አዘውትረው ይለብሱ ነበር። በትውልዱ የተናቀ ሰው መልካም ልብስ እንዳይለብስ በሚከለከልበት አገር ሱፍ መልበስ የእኩልነት ዐዋጅ ነበርና። ሁለቱ ሰዎች በብዙ ነገር አልተስማሙም፤ አንዱ ሱፍን ያወለቁት፣ ሌላው ሱፍን የለበሱት ግን የተናቀውን ወገን አስበው ነው።

ጋንዲ በ1948 በነፍሰ ገዳይ ጥይት ሲወድቁ በገላቸው ላይ የነበረው ያው የፈትል ልብስ ነው።

በእኛም አገር ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ሲሰደብ፣ የእጁ ሥራ በበዓል ቀን በሰዳቢው ትከሻ ላይ ያምር ነበር። እንግዲህ ባለ ሽርጡን ከመናቃችን፣ ባለ ሱሪውንም ከመውቀሳችን በፊት፣ ጥጡን የለቀመው፣ ድርና ማጉን ያገናኘው ሰው የላቡን ዋጋ ማግኘት አለማግኘቱን ልንጠይቅ ይገባናል።