ጄምስ ጃመርሰን

ጄምስ ሊ ጃመርሰን (ጥር 20 ቀን 1928 – ሐምሌ 26 ቀን 1975 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። የዲትሮይቱን የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ዘፋኞች ያጅብ የነበረው የ«ፈንክ ብራዘርስ» ባንድ አባል ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ በተሰሙ ብዙ ዘፈኖች ላይ ቤዙን የተጫወተው እሱ ነው። በቤዝ ተጫዋቾች ዘንድ የጊታሩን ክር ባለመቀየሩም ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ጅማሬ

የተወለደው በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን አቅራቢያ በምትገኘው ኤዲስቶ ደሴት ነው። ሕፃን ሳለ ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ፣ ላስቲክ ወጥሮበት ይጫወት እንደነበር ይነገራል። በ1954 ከእናቱ ጋር ወደ ዲትሮይት ሄደ። በዚያም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ ቆሞ የሚጫወቱትን ትልቁን ኮንትራባስ ጀመረ። የኮንትራባስ ክሮች ወፋፍራምና ከጣውላው ከፍ ብለው የተወጠሩ በመሆናቸው ብርቱ ጣት ይጠይቃሉ። የኋላ ምርጫውን ለመረዳት ይህ ይጠቅማል።

በሞታውን

በጃዝና ብሉዝ ክበቦች ሲጫወት ቆይቶ በ1959 ወደ ሞታውን ስቱዲዮ ገባ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን ኤሌክትሪክ ቤዝ ያዘ። ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነበር፤ በዚህም ጣቱ «መንጠቆ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። የቴምፕቴሽንስ «ማይ ገርል» መግቢያ ላይ ብቻውን የሚሰማው ቤዝ የእሱ ነው። የዘመኑ የአሜሪካ ሶል ሙዚቃ በሸክላና በአስመራው የቃኘው ጦር ሰፈር ሬዲዮ አማካይነት ለኢትዮጵያ ወጣት ሙዚቀኞችም ደርሷል።

የክር ምርጫው

የቤዝ ጊታር ክር አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም። መሃሉ ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ ሲሆን በላዩ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ የድምፁ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ጥምጥም ነው። የሚጠመጠመው ሽቦ ክብ ከሆነ ክሩ ራውንድዋውንድ ይባላል። ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ድምፁ ደማቅ ነው፣ ቶሎም አይጠፋም፤ ጣት ሲንሸራተትበት ግን ያፏጫል፣ የጊታሩን ፍሬቶችም ቀስ በቀስ ይበላል። በጥምጥሙ መካከል ላብና እድፍ ስለሚገባ ድምቀቱ በሳምንታት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል፤ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ በየምሽቱ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። የሚጠመጠመው እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ከሆነ ክሩ ፍላትዋውንድ ነው። ይህኛው ለስላሳ፣ ድምፁ ወፍራምና ቶሎ የሚረግብ፣ ዋጋው በአብዛኛው ከፍ ያለ፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። ጥምጥሙ ከላይ ተሞርዶ የተስተካከለ፣ በሁለቱ መካከል ያለ ክርም አለ፤ በናይለን የተጠቀለለም አለ።

ጃመርሰን ይጠቀም የነበረው ላ ቤላ የተባለውን ኩባንያ ፍላትዋውንድ ነው፣ ያውም ወፍራሙን። ከአራቱ ክሮች ቀጭኑ 1.32፣ ወፍራሙ 2.79 ሚሊሜትር ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ከ1.14 እስከ 2.67 ሚሊሜትር ነው። ክሮቹን ከጣውላው ከፍ አድርጎ ይወጥራቸው ነበር። በክሮቹ ማሰሪያ ሽፋን ሥር ስፖንጅ ስለነበረ ድምፁ ይበልጥ ያጥራል። ክር የሚቀይረው ሲበጠስ ብቻ ሲሆን፣ የተጠራቀመው እድፍ ድምፁን ያሳምረዋል ብሎ ያምን ነበር። ነገሩ አጉል እምነት ይመስላል፤ ሆኖም ያረጀ ፍላትዋውንድ ጥርት ያለውን ቀጭን ድምፅ እያጣ ስለሚሄድ ዋናው ወፍራም ድምፅ ጎልቶ ይቀራል። ራውንድዋውንድ የገጠመ ተማሪ ግን ይህን ቢከተል የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ክሩ የተገዛው ለድምቀቱ ነውና።

በገና የሚያውቅ ሰው ጉዳዩ አይከብደውም። የበገና አሥር አውታሮች በልማድ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ እንዚራ የሚባሉት የቆዳ ቁርጥራጮች ደግሞ ንዝረት ይጨምሩላቸዋል። ጃመርሰን ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ንዝረቱን አፈነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ሞታውን የአጃቢዎቹን ስም በሸክላ ሽፋን ላይ ስለማያወጣ፣ አድማጩ ድምፁን እንጂ ሰውየውን ሳያውቅ ኖረ። ስሙ በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ላይ ወጣ። ኩባንያው በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር እሱም በዓመቱ ተከተለ። በዚያ ጊዜ ራውንድዋውንድ ክርና በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት ፋሽን ሆኖ ነበር። አዘጋጆች አዲሱን ድምፅ ሲፈልጉ ጃመርሰን ለመለወጥ ዝግጁ አልነበረም፤ ሥራም እየራቀው ሄደ። ሁሉን በክሩ ማመካኘት ግን ልክ አይሆንም፤ መጠጥም ጎድቶት ነበር።

በ1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት በዓል ሲከበር አልተጠራም፤ ቲኬት ገዝቶ ከተመልካች ጋር ተቀመጠ። ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ «ፈንክ ማሽን» የሚለው የ1962 ፌንደሩ ተሰረቀ፤ ክሮቹም አብረው ሄዱ። በጉበት ሕመም፣ በልብ ድካምና በሳንባ ምች በ47 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ አረፈ። የተቀበረው በዲትሮይት ነው።

በ1989 አለን ስለትስኪ ስለ ሕይወቱ መጽሐፍ አሳተመ፤ ስለ ፈንክ ብራዘርስ የተሠራው ዘጋቢ ፊልምም በ2002 ወጣ። በ2000 በሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ስሙ ተመዘገበ። ላ ቤላ ያን ወፍራም ክር ዛሬም በጃመርሰን ስም ይሸጣል።