ጆሴፍ ሊስተርና የክፍት እግር ስብራት ሕክምና

በመርካቶ ሰባተኛ አካባቢ የእጅ ጋሪ፣ ተሸካሚና የጭነት መኪና በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ ጎማ በሰው ቅልጥም ላይ ሲወጣ የተሰበረው አጥንት ቆዳውን ሰንጥቆ ሊታይ ይችላል። ጉዳቱ ክፍት ስብራት ይባላል። የእንዲህ ያለውን እግር ዕጣ በአመዛኙ የሚወስነው ለሥጋውና ለቆዳው የሚደረገው ሕክምና መሆኑን በተግባር ያሳዩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ናቸው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊስተር በ1827 ለንደን አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የማይክሮስኮፕን መነጽር በማሻሻል የታወቁ ስለነበሩ ልጅየው ረቂቅ ነገርን መመርመር ከቤት ተማሩ። በ1860 በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያ ዘመን አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳው ያልተቀደደ እግር ብዙ ጊዜ ያለ መግል ይድናል፤ ቆዳው የተቀደደው ግን ይመረቅዛል፤ ሐኪሙም እግሩን ቆርጦ ነፍሱን ለማትረፍ ይጣደፋል። ሊስተር የልዩነቱን ምክንያት ሲፈልጉ የፈረንሳዊውን የሉዊ ፓስተርን ጥናት አገኙ፤ ቁስልንም የሚያበሰብሱት ከውጭ የሚገቡ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው ብለው ደመደሙ።

በነሐሴ 1865 ጄምስ ግሪንሊስ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ግራ እግሩን ጋሪ ሄዶበት ግላስጎ ሆስፒታል ገባ። ሊስተር ቁስሉን ካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፍነው አጥንቱን በድጋፍ አሰሩ። ከአራት ቀን በኋላ ሲፈቱት መግል አልነበረም። በስድስት ሳምንት ገደማ አጥንቱ ገጠመ። በ1867 ላንሴት በተባለው መጽሔት የ11 ታካሚዎችን ታሪክ አወጡ፤ አንዱ እግሩን ሲያጣ አንዱ ሞተ፤ የቀሩት ዘጠኙ አካላቸው ሳይቆረጥ ዳኑ።

ብዙ ሐኪሞች ግን ዘዴውን ለዓመታት ተጠራጠሩት። ሊስተር በ1869 ወደ ኤድንበርግ፣ በ1877 ወደ ለንደን ተዛውረው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ኋላ በዚያችው በኤድንበርግ ተምረዋል። ሊስተር በ1912 አረፉ።

ዛሬ ካርቦሊክ አሲድ ጀርሙን ሲገድል ሕያው ሥጋንም ስለሚያቃጥል ቀርቷል፤ መርሑ ግን ጸንቷል። ሐኪሙ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በቶሎ ይሰጣል፣ ቁስሉን አብዝቶ ያጥባል፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ያወጣል፣ አጥንቱን ያጸናል። አጥንቱ ራቁቱን ከቀረ ደም ሥሩን የያዘ ጡንቻ ወይም ቆዳ አዙሮ ያለብሰዋል። ስሙ የታወቀው የጉስቲሎ ምደባም ከባዱን ስብራት የሚከፋፍለው በዋናነት በሥጋ፣ በቆዳና በደም ሥር ጉዳት ነው።

ይህ ለአገራችን ትርጉሙ ግልጽ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ወጌሻ ዘንድ ይወሰዳል። ወጌሻው አጥንት የማቃናት ልምድ ቢኖረውም ክፍት ቁስል አጥብቆ ሲታሰር ደም ይታገዳል፤ እድፉም ከነጀርሙ ከውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሰባተኛው ተጎጂ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ እግሩ ሳይጨነቅ ተደግፎ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሊደርስ ይገባዋል። አጥንቱን ለመግጠም ጊዜ ይገኛል፤ ሥጋው ከሞተ ግን አይመለስም።