የሞተርን ንዝረት ያበረደው ሰው፦ ፍሬድሪክ ላንቸስተር

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት ካርቱም ነዋሪዎች ፒክአፕ መኪናን ቦክስ ይሉታል። ሽንኩርት ወደ ገበያ፣ ሰው ወደ ሥራው የሚያደርሰው ይህ መኪና ለብዙ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበት ወቅት እንኳ የናፍጣ ሞተሩ ዕረፍት የለውም።

በሞተሩ ፊት፣ ቺንጋው በሚጠመጠምበት ፑሌጃ ውስጥ፣ ብዙ ባለመኪና ስሙን የማያውቀው ክብ ዕቃ አለ። የክራንክሻፍት ዳምፐር ይባላል፤ ሥራውም ንዝረትን ማብረድ ነው። የዚህን ዕቃ መሠረተ ሐሳብ ካኖሩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ነበር።

ዲግሪ ያልያዘው መሐንዲስ

ላንቸስተር በአውሮፓውያኑ 1868 ለንደን ውስጥ ከአርክቴክት አባት ተወለደ። በሳውዝሃምፕተን፣ ኋላም በለንደን ሳይንስ ተማረ፤ ነገር ግን ዲግሪ ሳይይዝ ወደ ሥራ ዓለም ገባ። በበርሚንግሃም የጋዝ ሞተር ፋብሪካ ተቀጥሮ ሳለ የመጀመሪያ ፈጠራዎቹን አስመዘገበ።

በ1896 ራሱ የነደፈውን የቤንዚን መኪና መንገድ ላይ አወጣ። ቀጥሎ በሠራው ሞተር ሁለት ክራንክሻፍቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ አንዱ የሌላውን ንዝረት እንዲያጠፋ አደረገ። በ1899 ከወንድሞቹ ጋር የሚሠራበት የመኪና ኩባንያ ተቋቋመ።

በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሠራተኞች እያንዳንዱን ዕቃ በሞረድ እየሳሉ ለአንዱ መኪና ብቻ ያስማሙ ነበር። ላንቸስተር ግን ዕቃው ሁሉ በአንድ ልክ እንዲሠራና የአንዱ መኪና ለሌላው እንዲሆን ግድ አለ። ዛሬ ባሕር ተሻግሮ የመጣ መለዋወጫ ያለ ሞረድ ልክ ሆኖ የሚገባው በዚህ ዓይነት አሠራር ነው። ይሁንና ኩባንያው በ1904 የገንዘብ ቀውስ ገጠመውና በሌላ ስም እንደገና ተደራጀ።

ብረት ለምን ይሰበራል?

ላንቸስተር በ1909 የዳይምለር ኩባንያ አማካሪ መሐንዲስ ሆነ። በዚያን ጊዜ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሮችን የሚያስቸግር አንድ ጣጣ ነበር፤ ረጅሙ ክራንክሻፍት በተወሰነ ፍጥነት ላይ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጁ በተቀጣጠለ ቁጥር ፒስተኑ ክራንክሻፍቱን ይገፋዋል። ብረቱ ግትር ቢመስልም በጥቂቱ ተጠማዝዞ ተመልሶ ይፈታል። ግፊቱ ከዚህ መጠማዘዝና መፈታት ጋር እኩል ሲገጥም፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በምቱ ጠብቆ እንደመግፋት ይሆናል። ጥምዝዙ እያደገ ይሄዳል፤ ጠንካራው ብረትም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ላንቸስተር መፍትሔውን ብረቱን በማወፈር ብቻ አልፈለገውም። በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ በዘይት ውስጥ በተደራረቡ ስስ ዲስኮች የተያያዘ፣ በከፊል ነጻ የሆነ ከባድ ጎማ ጨመረ። ክራንክሻፍቱ ድንገት ሲወራጭ ከባዱ ጎማ በክብደቱ ምክንያት አብሮ መዝለል ያቅተዋል፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ፍትጊያም ንዝረቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ሄንሪ ሮይስም በዚያው ዘመን ለተመሳሳይ ችግር የራሱን መላ ስላበጀ ቀዳሚነቱ አከራክሯል።

ጎማው ሲያረጅ

በዛሬዎቹ ብዙ ፒክአፖች የዘይቱን ቦታ በሁለት ብረቶች መካከል የተጣበቀ የጎማ ቀለበት ይዞታል። ጎማው በሙቀትና በዘይት ንክኪ ይሰነጣጠቃል፤ ያኔ ፑሌጃው ይወላገዳል፣ ቺንጋውም ይጮኻል ወይም ይበላል።

ለመቀየር ቺንጋው ይላላል፣ ክራንክሻፍቱ እንዳይዞር ይያዛል፣ መካከለኛው ቡሎን ይፈታል፤ ከዚያም አሮጌው ዳምፐር በመጎተቻ መሣሪያ እንጂ በመዶሻ ሳይመታ ይወጣል። አዲሱ በትክክለኛ ቦታው ከገባ በኋላ ቡሎኑ የሚጠብቀው አምራቹ ባዘዘው ልክ ነው።

በ2023 የፈነዳው ጦርነት ገበያዋን በበተነባት ካርቱም፣ መለዋወጫ ያጣ ሰው ሁለቱን ብረቶች በብየዳ ለማጣበቅ ቢፈተን አይፈረድበትም። ቺንጋው ስለሚዞር ሞተሩ የዳነ ይመስላል። ነገር ግን በከፊል ነጻ የነበረው ክፍል ስለታሰረ ንዝረቱን የሚያበርድ የለም፤ ዕዳው ወደ ክራንክሻፍቱ ይዞራል። ያ ደግሞ ከተሰበረ የሚጠፋው አንድ ዳምፐር ሳይሆን ሞተሩ፣ ከእርሱም ጋር የቤተሰቡ ገቢ ነው። ላንቸስተር ከመቶ ዓመት በፊት የተረዳው ይህንኑ ነበር፤ ሁሉን አጥብቆ ማሰር ብረትን አያድንም።

ስሙ የቀረለት ሰው

የላንቸስተር አእምሮ በመኪና ብቻ አልተወሰነም። በ1907 እና በ1908 ስለ በረራ ሁለት መጻሕፍት አሳተመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተዋጊዎች ቁጥርና ድል ያላቸውን ዝምድና በሒሳብ ቀመር አስቀመጠ፤ ቀመሮቹ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። በ1922 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ክብሩ ግን ሀብት አላመጣለትም። በኋላ ዘመኑ የሞከረው የድምፅ ማጉያ ንግድ አልሰመረም፤ የፓርኪንሰን ሕመምም ያዘው። መጋቢት 8 ቀን 1946 በበርሚንግሃም በድህነት ውስጥ ሳለ በ77 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል። ሐሳቡ ግን ከዚያ ርቆ፣ ስሙን ሰምተው በማያውቁ አሽከርካሪዎች ሞተር ውስጥ ሥራውን ቀጥሏል።