ኤዲሰንና የመብራት ወጪ

ዕውቁ የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ተወለደ። በትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም፤ በልጅነቱ በባቡር ላይ ጋዜጣ ይሸጥ ነበር። በ1879 ዓ.ም. በቀጭን የከሰል ክር የሚበራ አምፑል ሠራ። ክሩን ያቀጠነው ለወጪ ሲል ነው፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚስብ የመዳቡ ሽቦ ቀጥኖ መብራቱ ከጋዝ ጋር በዋጋ እንዲወዳደር ነበር። በ1882 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከፈተ፤ በ1931 ዓ.ም. ዐረፈ።

ይሁንና ከእርሱ የወረስነው ባለክር አምፑል አብዛኛውን ኃይል በሙቀት ያባክናል። በሐብሩ ወረዳ በግራና አንድ ቤተሰብ ባለ 60 ዋቱን በየቀኑ 5 ሰዓት ቢያበራ ቆጣሪው በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ያንኑ ያህል ብርሃን በሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ግን 1.35 ብቻ። እንግዲህ ኤዲሰን ወጪውን አስልቶ እንደ ሠራ፣ እኛም አስልተን እንግዛ።